የሦስት ቁጥር ቅንድብ

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። እኔ የተወጋሁት ቁርስ ላይ ነው። የወጋኝ ሰውዬ ሾርባውን እየጠጣ ነበር፤ ቀና እንኳን አላለም።

ይህን የምነግራችሁ እንድታዝኑልኝ አይደለም። የፈለግሁትን አግኝቻለሁ፤ እንዴት እንዳገኘሁት ላውራችሁ ብዬ ነው።

ሃባራ ባሌ በነበረ ጊዜ ጃፓን፣ ናጋኦካ ከተማ ውስጥ፣ ከቤታችን ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል፣ ተገጣጣሚ የባቡር ሞዴሎች እንሠራ ነበር። እሱ ይሸጣል፣ ያወራል፣ ከደንበኛ ጋር ሳኬ ይጠጣል። እኔ እሠራለሁ። የመጀመሪያው ሞዴላችን የኦሪታኒ መስመር ሦስት ቁጥር ነበር፤ በኛ በበረዶው አገር ሕፃን ሽማግሌው የሚያውቀው ቀይ የኤሌክትሪክ ሎኮሞቲቭ። መስመሩ ሊዘጋ ሲል የበረዶውን ወራት ሙሉ ባቡሩ የሚያድርበት ጋራዥ እየሄድኩ፣ በረዶ ላይ ተንበርክኬ፣ እያንዳንዷን ብሎን ለካሁ። ከዚያ ነሐስ ቆርጬ፣ ሞርጄ፣ በስታኞ በይጄ ዋናውን፣ ማለትም ሌሎቹ ሁሉ የሚቀዱበትን እናቲቱን፣ በእነዚህ እጆቼ ሠራሁ። ጉልበቴ እስከ ዛሬ ብርድ ሲሆን ያመኛል።

በሙያችን አንድ ልማድ አለ። ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው የመገጣጠሚያ መመሪያ ግርጌ ላይ «ዋና ሠሪ» ተብሎ የሠሪው ስም ይታተማል። ገዢው ሳጥኑን ሲከፍት ከሁሉ አስቀድሞ የሚያየው እሷን መስመር ነው። በዚያ ስም ይገዛል፣ በዚያ ስም ይጣላል፣ በዚያ ስም ይማማላል። መመሪያው ታትሞ ሲመጣ ግርጌው ላይ «ዋና ሠሪ፦ ሃባራ» ይላል።

ጠዋት ቁርስ ላይ ጠየቅሁት። «ስሜ የት ሄደ?»

ሚሶ የምንለውን የአኩሪ አተር ሾርባውን ከአፉ አላነሳም። «የሴት ስም ያለበትን ሎኮሞቲቭ ማን ይገዛል?» አለኝ። ጠጥቶ ሲጨርስ ደግሞ «ትንሽ ጨው በዝቶበታል» አለና ወጣ።

ያ ሞዴል ተሸለመ። መጽሔት ላይ የሃባራ ፎቶ ወጣ፣ የኔን ወረንጦ ይዞ። አያያዙን እንኳን አያውቅበትም፤ እንደ ሲጋራ በሁለት ጣቱ መሀል ወትፎታል። ያንን ፎቶ አይቶ ያልሳቀ ሰው ሞዴል ሠርቶ አያውቅም ማለት ነው፤ ግን ማንም አልሳቀም። ሁሉም «መምህር ሃባራ» ማለት ጀመረ።

ስንፋታ ቅርጽ ማውጫዎቹን፣ ንድፎቹን፣ የድርጅቱን ስም ጠቅልሎ ወሰደ። መጨረሻ ላይ መሳቢያዬን ከፈተና የመብራት ክፈፎቹን፣ የበር እጀታዎቹን፣ ደወሎቹን አያቸው። «ባቡሮቹ የኔ ናቸው። ይቺን ሰሊጥ ሰሊጥ የምታክለውን አንቺ ልቀሚያት» አለኝ። ለቀምኳት።

ከዚያ በኋላ የሠራሁትን ትናንሽ ነገር ሁሉ «ሰሊጥ» ብዬ አወጣሁ። የዝናብ መጥረጊያ፣ ፊሽካ፣ መሰላል፣ የታርጋ ክፈፍ። ሰው ከትልቅ ድርጅት ሳጥን ሙሉ ባቡር ይገዛና፣ ነፍስ እንዲዘራ ደግሞ ከኔ ትንሽ ፓኬት ይገዛል። የሚሸጥልኝ ቶጋሺ የሚባል ሽማግሌ ነው፤ አጎቴ እለዋለሁ፣ ዘመዴ ግን አይደለም። ባለ ሱቅ ሆኖ ምላሱን የሚጠብቅ ሰው እሱን ብቻ ነው የማውቀው። ሰሊጥ ማን እንደሆነ ለማንም እንዳይናገር አስምዬዋለሁ፤ በመሐላው ጸንቷል።

ስሜን ያስጠራልኝ፣ ማለቴ የሰሊጥን ስም ያስጠራልኝ፣ ቅንድቡ ነው። በኛ አገር ከዋሻ ጣሪያ የሚንጠባጠብ ውሃ እየረጋ እንደ ጦር ይንጠለጠላል፤ ባቡር ሲገባ የሾፌሩን መስታወት ይሰብራል። ስለዚህ ከመስታወቱ በላይ የበረዶውን ጦር ቀድሞ የሚሰብር የብረት ከለላ አለ። ሾፌሮቹ ቅንድብ ይሉታል። የኔው ቅንድብ ከሩዝ ፍሬ ያንሳል። ሦስት ስስ ነሐስ አነባብሬ ነው የምበይደው፤ ከላይ ሲያዩት ብየዳው አይታይም። ብዙ ሰው ሞክሮታል። የአንዱ ይጣመማል፣ የአንዱ ይወፍራል፣ የሌላው ቀለም ሲነካው ይወልቃል።

ሃባራም ሳያውቅ የኔ ደንበኛ ሆነ። መከልከል እችል ነበር። «ላክለት» አልኩት ቶጋሺን፤ «ደህና ደህናውን መርጠህ ላክለት።» ይልመድ ብዬ ነው። ለምዶ ለምዶ ሌላ ሰው ማሠራቱን ሲረሳ፣ እኔ አልረሳሁም።

ዘንድሮ የቼሪው አበባ እንደረገፈ ቶጋሺ ወደ ሱቁ ጠራኝ። «ቁጭ በይ» አለና አንድ የመገጣጠሚያ መመሪያ ፊቴ ዘረጋ። ሃባራ አዲስ ሞዴል ሊያወጣ ነው። ሦስት ቁጥርን። ያኔ የሠራሁትን እናቲቱን ኮምፒውተር ውስጥ አስገብቶ፣ አሳንሶ፣ መዳፍ ላይ የምትቀመጥ አድርጎታል። ልጄን አላጣትም፤ ጣሪያዋ ላይ ያለውን ጉብታ በሞረድ ያለሰለስኩት እኔ ነኝ። ግርጌው ላይ «ዋና ሠሪ፦ ሃባራ» ይላል፣ እንደገና። ከሱ በላይ ደግሞ፦ «ቅንድብ፦ የሰሊጥን ይጠቀሙ። ሌላ አይገጥምም።» ጣሪያው ላይ ያሉትን ቀዳዳዎች በኔ ቅንድብ ልክ በስቷቸዋል።

«ሥራ በዛልሽ» አለ ቶጋሺ እጁን እያሻሸ። «ሳጥኑን የገዛ ሁሉ ቅንድብ ፍለጋ ወደኔ መምጣቱ ነው።»

«ሰሊጥ ቅንድብ ማውጣት አቁሟል በላቸው። መደርደሪያው ላይ ያለውንም አንሳው።»

«እንዴ። ምን ነክቶሻል?»

«ምንም።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ይሄ ሰውዬ እኮ ያለ የሌለ አቅሙን እዚህ ላይ ነው ያፈሰሰው። ሳጥኖቹ ታትመው አልቀዋል። ወገቡ ይሰበራል።»

«ይሰበር።»

ቶጋሺ መሰላሉን አምጥቶ ፓኬቶቹን ማውረድ ጀመረ። እኔም ቤቴ ገብቼ በጋውን ሙሉ ቅንድብ ስሠራ ከረምኩ። አንድም አልሸጥኩም። የሩዝ ብስኩት የነበረበት ትልቅ ቆርቆሮ እስኪሞላ ድረስ እየሠራሁ በየፓኬቱ ከተትኩ።

እናንተ ይህን ሕዝብ አታውቁት ይሆናል። አንድ ብሎን ጎደለ ብሎ እንቅልፍ የሚያጣ ሕዝብ ነው። ቅንድብ የሌለው ሦስት ቁጥር ለነሱ ላባዋ የተነጨ ዶሮ ማለት ነው። ማስታወቂያውን አይተው ያዘዙት ሁሉ «ቅንድቡ ከየት ይገኛል?» ማለት ጀመሩ፤ የለም ሲባሉ «እንግዲያው ሞዴሉም ይቅርብን» አሉ። ሃባራ የራሱን ቅንድብ አሠራ፤ ቀዳዳው እምቢ አለው። ቀዳዳውን እንዳያሰፋ ጣሪያው ተቀርጾ አልቋል። ለቶጋሺ ነጋ ጠባ መደወል ሆነ ሥራው።

«አጎቴ፣ የሰሊጥን ሰውዬ ብቻ አገናኘኝ። እግሩ ላይ እወድቃለሁ» ይላል አሉ።

«አድራሻዬን ስጠው» አልኩት ቶጋሺን።

ሃባራ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። የስድብ ዓይነት አዘጋጅቼ፣ በልቤ ሸምድጄ ጠብቄዋለሁ። በሩን ስከፍት ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ የጣፋጭ ሳጥን በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። ሸብቷል። ሲያየኝ ክው አለ። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር የገባው መሰለውና ፊቱ ፈታ አለ።

«አንቺ ነሽ እንዴ» አለኝ። «አሃ... ባልሽ አለ?»

እውነቴን ነው፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። የሸመደድኩት ስድብ ሁሉ ጠፋኝ። እኔ ሰሊጥ ልሆን እንደምችል በሐሳቡ ውል አላለም። ሰሊጥን ያገባሁ ነው የመሰለው። እግዜር ሲሰጥ እንዲህ ነው አልኩ በሆዴ።

«ወጣ ብሏል» አልኩት። «ግባ።»

ምንጣፉ ላይ ተንበርክኮ ተቀመጠና ዓይኑ ጠረጴዛዬ ላይ አረፈ፤ ሞረዶቹ፣ መብራቱ፣ አጉሊ መነጽሬ።

«ይሄ ነው የሱ ጠረጴዛ?» አለ ድምጹን ዝቅ አድርጎ፣ ቤተ መቅደስ የገባ ይመስል።

«አዎ።»

ሻይ ስቀዳለት ጣቶቼን አየ። «አንቺንም ያሠራሻል መሰለኝ። ተቃጥለሻል።»

«ምን ይደረግ፣ አስቸጋሪ ሰው ነው።»

«እድለኛ ነሽ ግን። እንዲህ ያለ እጅ በመላው ጃፓን የለም ብሏል በይልኝ። በዚህ ሙያ ስኖር እንዲህ ያለ እጅ አላየሁም። ማንም ሰው አጠገቡ አይደርስም።»

«እስኪ ድገመው፣ እንዳልረሳው።»

ደገመው። እንዲያውም ጨመረበት፤ «እኔ ራሴ ተማሪው ብሆን ደስ ይለኛል» አለ። ሻዬን አንስቼ ፊቴን በሱ ጋረድኩ።

«ስለኔ ክፉ ነገር ነግረሽው ከሆነ...» አለ ቀጥሎ፣ ወለሉን እያየ።

«በዚህ ቤት ስላንተ አውርተን አናውቅም» አልኩት። ውሸት አይደለም፤ ብቻዬን ነው የምኖረው።

«ታዲያ ምን ቢደረግ ይሻላል?»

«እሱ ክብር ይወዳል። ቶኪዮ የዓመቱ የሞዴል ኤግዚቢሽን ላይ በራሱ እጅ ቅንድቡን ይዞ እንዲመጣ እነግረዋለሁ። አንተ ግን ጠረጴዛህ አጠገብ ወንበር አስቀምጥለት። መብራትም። የሰሊጡ ሠሪ በአካል ይገኛል ብለህ አስቀድመህ አስነግር፤ ሰው ይሰብሰብለት።»

«ስሙን ማን ልበል?»

«ሰሊጥ በል፣ ይበቃል።»

ግንባሩ ምንጣፉን እስኪነካ ሰገደልኝ፤ ማለቴ፣ ለባሌ ሰገደ። ሰሊጥ የሚለውን ቃል ደጋግሞ ሲጠራ ዓይን ዓይኑን አየሁት፣ ያኔ መሳቢያዬን ከፍቶ ያለኝ ትዝ ይለው እንደሆን ብዬ። ምንም። ከወጣ በኋላ ጎኔን እስኪያመኝ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ ተናደድኩ። ጣፋጩን ግን በላሁት፣ ጥሩ ነበር።

በኤግዚቢሽኑ ቀን ቶጋሺ ተከትሎኝ በፈጣኑ ባቡር ሄድን፤ ቆርቆሮው ጭኔ ላይ ነበር። አዳራሹ ገና ከመግባታችን የሃባራ ጠረጴዛ ከሩቅ ታየን። «ሰሊጥ ዛሬ በአካል» የሚል ትልቅ ጨርቅ ሰቅሏል። አጉሊ መነጽር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ፣ ካሜራ የያዙ ወንዶች ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ወንበሩ አለ፣ ከነትራሱ። ከኋላው የሦስት ቁጥር ሳጥኖች እስከ ጣሪያ ተከምረዋል። አንዱም አልተሸጠም።

«ባልሽስ?» አለኝ ሃባራ በሹክሹክታ።

«ካንተ በኋላ አላገባሁም» አልኩትና ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

«ተነሺ። ሰው እያየ ነው» አለኝ ጥርሱን ነክሶ።

መነጽሬን አጠለቅሁ፣ ወረንጦዬን አወጣሁ፣ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ለዕይታ የቆመችው ሦስት ቁጥር ፊቴ ነበረች። ቆንጆ ነበረች፣ አልዋሽም፤ የኔ ናት። ግንባሯ ላይ ሁለት ባዶ ቀዳዳ አለ። በመርፌ ጫፍ ማጣበቂያ ነካ አደረግሁና ቅንድቡን አስቀመጥኩት። ገባ። ሁለተኛውንም። ሰልፈኛው ሁሉ አንገቱን አስግጎ ያያል።

ከፊት የቆመ ራሰ በራ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ ቅንድቡን አየ፣ ጣቴን አየ። «መምህር» አለኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደዚያ የተጠራሁት ያን ጊዜ ነው። «መምህር፣ ለኛም ይኖርዎታል?»

«ለሁላችሁም ይበቃል» አልኩ። «ፓኬቱ ውስጥ የእርማት ወረቀት አለ፤ እንዳትጥሉት።»

የእርማት ወረቀት በኛ ዘንድ የታወቀ ነገር ነው። መመሪያ ላይ ስህተት ሲገኝ አምራቹ ቀጭን ቁራጭ ያሳትማል፤ ገዢው ስህተቱ ላይ ይለጥፈዋል። ሳይለጥፍ የሚያድር የለም። ራሰ በራው ያቀበልኩትን ፓኬት ከፍቶ ቁራጩን ወደ መብራቱ አስጠጋና ጮክ ብሎ አነበበው፦ «ግርጌ፣ ዋና ሠሪ፦ ሃባራ የሚለው፣ ዋና ሠሪ፦ ሞኒዋ ቺዙሩ ተብሎ ይታረም።» ቀና ብሎ አየኝ። ከዚያ ወደ ሃባራ ዞረ።

«መምህር ሃባራ፣ ይሄ እርማት ልክ ነው?»

መዳፌን ቆርቆሮው ክዳን ላይ አሳረፍኩ። «ልክ ነው ካላለ አንድም አልሸጥም» አልኩ። «ስህተት ያለበት ወረቀት መሸጥ አልወድም።»

ሃባራ ሳጥኖቹን አየ። ቆርቆሮውን አየ። እኔን አላየኝም። ላቡ በጆሮው ግንድ ሲወርድ እያየሁ ነው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ስሜ አፉ ውስጥ ነበር፤ ቢተፋውም ቢውጠውም በሱ እጅ ነው።

«ልክ ነው» አለ።

«ከኋላ አልተሰማም» አለ ቶጋሺ፣ ከኋላ ሆኖ።

«ልክ ነው። ሦስት ቁጥርን የሠራችው እሷ ናት። ሞኒዋ ቺዙሩ። የያኔውንም።»

የመጀመሪያውን ቁራጭና ወረንጦዬን አቀበልኩት። «በል፣ አርም።»

ያዘው። እንደ ሲጋራ። ቁራጩ ወደቀበት፣ አነሳው፣ ደግሞ ወደቀበት። ማንም አልሳቀም፣ ማንም ከሰልፉ አልወጣም፤ ትዕግሥተኛ ሕዝብ ነው። በመጨረሻ የገዛ ስሙ ላይ ለጠፈው።

አየሁት። «ጠማማ ነው። ድገም» አልኩት።

ደገመ።

ሲመሽ ቆርቆሮው ባዶ ሆነ፣ የሱም ሳጥኖች አለቁ። አዎ፣ ተሸጡለት። እያንዳንዱ ሳጥን ስሜን ተሸክሞ ሄደ፣ እኔስ ሌላ ምን ፈለግሁ? ዕቃዬን ስሰበስብ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ደክሞታል።

«ብትነግሪኝ ኖሮ እኮ...» አለኝ። «እንዲህ ሰው ፊት ከምታዋርጂኝ፣ ያኔውኑ ብትነግሪኝ።»

«ነግሬሃለሁ። ሾርባ እየጠጣህ ነበር።»

አሰበ። የምሩን አሰበ፣ ግንባሩን ቋጠረ።

«የቱን ሾርባ?» አለኝ።

ሊያናድደኝ ብሎ ቢሆን ደስ ባለኝ። አላስታወሰም። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ያን ጠዋት ተሸክሜ ስዞር፣ ማታ ማታ ጨው በዝቶበታል የምትለዋን ስሰማ፣ እሱ ዘንድ ያ ጠዋት ጭራሽ አልነበረም። እዚያው እንደተቀመጠ ትቼው ወጣሁ፤ ደህና ሁን አላልኩትም።

ባቡር ጣቢያው ውስጥ ቶጋሺ ሶባ የሚባለውን፣ ሾርባ ውስጥ የሚቀርብ ኑድል ጋበዘኝ። ቆመን ነው የበላነው።

«በቀል ሆድ አይሞላም ይላሉ» አለኝ፣ እያሾፈ። «እንዴት ነው፣ ሞላ?»

«የሚሉት ያልተበቀሉ ናቸው» አልኩት። «አንጀቴ ቅቤ ጠጥቷል።»

ሳህኑን በሁለት እጄ አነሳሁና ሾርባውን እስከ ታች ጠጣሁት። ጨው በዝቶበት ነበር፤ ጨረስኩት።